እርሙን ያላወጣው ልጅ፦ ሆልደን ኮልፊልድ ስሜቱን ለምን ይደብቃል?

የጉዳዩ ባለቤት ሆልደን ኮልፊልድ ይባላል። ጄ. ዲ. ሳሊንጀር እ.ኤ.አ. በ1951 ያሳተመው «ዘ ካቸር ኢን ዘ ራይ» የተሰኘው ልቦለድ ተራኪ ነው። ታሪኩ ሲደርስበት 16 ዓመቱ፣ ሲተርከው 17 ነው። ቁመቱ ከብዙ አዋቂ ይበልጣል፤ በዚህ ዕድሜው የራሱ ቀኝ ጎን ሸብቷል። ፔንሲ ከሚባል የፔንሲልቫኒያ አዳሪ ትምህርት ቤት ተባሯል፤ ከያዛቸው 5 ትምህርቶች 4ቱን ወድቆ እንግሊዝኛን ብቻ አልፏል። የመባረሩ ደብዳቤ ቤት ሳይደርስ ሹልክ ብሎ ኒው ዮርክ ይገባል። ገና ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ከቅዳሜ እስከ ሰኞ፣ በሆቴልና በመጠጥ ቤት፣ በባቡር ጣቢያና በመናፈሻ ይንከራተታል። ይህን ሁሉ የሚያወራው ታሞ ካረፈበት የካሊፎርኒያ ማገገሚያ ነው።

ወሬውን የሚጀምረው ባለመናገር ነው። የት እንደተወለደ፣ ልጅነቱ እንዴት እንደነበር፣ ወላጆቹ ምን እንደሠሩ አልናገርም ይላል፤ አንደኛ ይሰለቸኛል፣ ሁለተኛ ወላጆቼ ይቆጣሉ ብሎ ምክንያት ይደረድራል። ከዚያ በኋላ በመጽሐፉ 26 ምዕራፎች ውስጥ የሚያየውን ሰው ሁሉ ይነቅፋል። ሁሉም ሰው ለእሱ «ፎኒ» ነው፤ አስመሳይ ማለቱ ነው። ስለ ራሱ ሲሆን ግን ደበረኝ፣ ከፋኝ ይልና ወዲያው ወደ ሌላ ወሬ ይሻገራል።

መጽሐፉን ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበበ ብዙ ሰው ልጁ ቀበጥ ነው፣ ወይም ጉርምስናው ነው ብሎ ያልፈዋል። ገጹ ላይ የተጻፈው ግን ሌላ ነው። ሆልደን ወንድሙ ሞቶበታል፤ ቀብሩ ላይ አልነበረም፤ እርሙን አላወጣም። ስሜቱን የሚደብቅባቸው መንገዶች በሙሉ ከዚህች አንዲት ነገር ይነሳሉ።

ጋራዡ

ወንድሙ አሊ እ.ኤ.አ. ጁላይ 18 ቀን 1946 ሜይን ውስጥ በደም ካንሰር ሞተ። ሆልደን 13 ዓመቱ ነበር፤ አሊ በ2 ዓመት ያንሰዋል። ቀኑን ከነወሩና ከነዓመቱ የሚነግረን ራሱ ነው። የሌላውን ነገር ሁሉ ጊዜ በግርድፉ የሚያወራ ልጅ ይህቺን አንዲት ቀን ሳያዛንፍ ይይዛታል።

በዚያን ዘመን ሕፃናትን የሚይዘው ይህ ካንሰር መድኃኒት አልነበረውም። በቦስተን ሐኪሙ ሲድኒ ፋርበር አሚኖፕቴሪን በተባለ መድኃኒት ከ16 ሕፃናት 10ሩ ለጊዜው እንደተሻላቸው ያሳወቀው በ1948 ነው፤ አሊ ከሞተ 2 ዓመት ቆይቶ። ስለዚህ በ1946 የሚከሰስ ሐኪም፣ የሚቆጩበት ያልተሞከረ ሕክምና አልነበረም። ሐዘን ቁጣ ሲሆን የሚያርፍበት ይፈልጋል፤ ሆልደን ያገኘው የጋራዡን መስታወት ነው።

አሊ በሞተበት ሌሊት ጋራዥ ውስጥ አደረ፤ መስኮቶቹን በሙሉ በጡጫው ሰባበረ። የመኪናውንም መስታወት ሊሰብር ሞከረ፤ እጁ ግን ቀድሞ ተሰብሮ ነበር። ቤተሰቡ ልጁን የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ለመውሰድ አሰቡ። እሱ ደግሞ ሆስፒታል ገባ፤ አሊ ሲቀበር ሆልደን በተሰበረ እጁ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። የቀብሩን ወሬ የነገረው ታላቅ ወንድሙ ዲ.ቢ. ነው።

ይህቺ የቀብር ወሬ ምዕራፍ 20 ላይ፣ ሰክሮ ስለ ሌላ ነገር ሲያወራ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብልጭ ብላ ታልፋለች። ጋራዡ የተነገረው ግን ምዕራፍ 5 ላይ ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው አንባቢው ራሱ ነው፤ ያላገናኘ ሰው ልጁ ለምን እንዲህ እንደሆነ ሳይገባው መጽሐፉን ይዘጋል።

በእኛ ዘንድ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ሰው ከዓመታት በኋላም ቢሆን፣ ሻንጣውን ሳይፈታ ሐዘን ቤት ገብቶ ያለቅሳል፤ «እርሜን ላውጣ» ይላል። ቀብር ያመለጠው ሰው ሐዘኑ እንዳልተቆረጠለት እናውቃለን፤ ለዚህም ቃልና ወግ አለን። የሆልደን ቤት ይህ ወግ የለውም። አባቱ ጠበቃ ነው፣ ሥራ ላይ ነው። እናቱ አሊ ከሞተ ወዲህ አላገገመችም፤ ሌሊቱን እንቅልፍ አጥታ ሲጋራ ታጨሳለች። ዲ.ቢ. ሆሊውድ ሄዷል። ልጁ ደግሞ ከአንዱ አዳሪ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው ይላካል። እናቱ እንዳትረበሽ ማሰቡ በግልጽ ይታያል፤ ቤት ተደብቆ በገባበት ሌሊት እንኳ የመጀመሪያ ጭንቀቱ የእሷ ጆሮ ንቁ መሆኑ ነው። እሷ ፊት ሊያለቅስ አይችልም፤ የእሷ ሐዘን ገና አልበረደም። ሆድ ይፍጀው ያለው ለዚህ ነው።

ጓንቷ፦ አንድ ቅዳሜ ማታ

የአደባበቁን ስልት ለማየት ከምዕራፍ 4 እስከ 7 ያለውን የአንድ ምሽት ሰንሰለት ቀለበት በቀለበት መፍታት ይበቃል።

አብሮት የሚያድረው ስትራድሌተር ከጄን ጋላገር ጋር ሊወጣ ነው። ጄን ሆልደን ከልቡ የሚወዳት ልጅ ናት። በጋውን አብረው ዳማ ሲጫወቱ ንጉሦቿን ከኋላ መደዳ ደርድራ አታንቀሳቅሳቸውም ነበር፤ ሆልደን ይህቺን ልማዷን ደጋግሞ ያነሳል። ሊያልፍባት የማይፈልገውን ነገር ከኋላ የምታስቀምጥ ልጅ ለእሱ ቅርብ መሆኗ አይገርምም። ጄን ታች ቆማ እየጠበቀች ነው። ሆልደን ወርጄ ሰላም ልበላት ይላል፤ ነገር ግን አይወርድም። ምክንያቱን ሲጠይቁት አሁን ስሜቱ የለኝም ይላል። በመጽሐፉ ውስጥ ይህቺን ሰበብ ስለ ጄን ደጋግሞ ይሰጣታል። ሊደውልላት ያስባል፣ ይተዋል፤ አንዴ እናቷ ስታነሳ ይዘጋዋል። የማይደውለው ስለሚፈራ ነው፤ ከተነገረ የሚጠፋ ይመስለዋል።

ስትራድሌተር ሲወጣ አንድ ድርሰት ጻፍልኝ ይለዋል፤ ስለ ክፍል ወይም ስለ ቤት ይሁን ይላል። ሆልደን ቁጭ ብሎ ስለ አሊ የቤዝቦል ጓንት ይጽፋል። አሊ ግራኝ ስለነበር ጓንቷ የግራኝ ናት። ጨዋታው ሲቀዘቅዝ የሚያነበው እንዲኖረው በአረንጓዴ ቀለም ጣቶቿና ኪሷ ላይ ሁሉ ግጥም ጽፎባታል። ሆልደን ጓንቷን ሻንጣው ውስጥ ይዟት ይዞራል።

እዚህ ላይ የተደረገውን ማስተዋል ይገባል። ወንድሜ ሞተብኝ አላለም፤ ስለ ዕቃ ጻፈ። ያውም ለሌላ ሰው የቤት ሥራ፣ በሌላ ሰው ስም። ሐዘኑ በሦስት ሽፋን ተጠቅልሎ ነው የወጣው፤ በዕቃው፣ በትምህርቱ፣ በስትራድሌተር ስም። ይህ በመጽሐፉ ውስጥ ለሐዘኑ የመረጠው የመጀመሪያ መውጫ ነው።

ስትራድሌተር ተመልሶ ያነበዋል፤ ስለ ክፍል አይደለም ብሎ ይቆጣል። ሆልደን ወረቀቱን ቀዶ ይጥለዋል። ከዚያ ጄንን ምን እንዳደረጋት ይጠይቀዋል፤ ስትራድሌተር ይስቃል እንጂ አይመልስም። ሆልደን በቀኝ እጁ ሊመታው ይሰነዝራል፤ ሳይመታው ይቀራል። ለምን ቢባል ያቺ እጅ ጋራዡ ውስጥ የተሰበረችው ናት፤ ጡጫ ሆና በደንብ አትጨበጥም፤ ዝናብ ሲዘንብ ታመዋለች። ሳሊንጀር ይህንን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነግረንና ያልፋል። ለአሊ የተመታው መስታወትና ለጄን የተሰነዘረው ጡጫ በአንዲት እጅ ተያይዘዋል። ሆልደን አፍንጫው ደምቶ ሻንጣውን ይሸክማል። ከማደሪያው ሲወጣ ኮሪደሩ ላይ ያለቅሳል፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም ይላል፤ ወዲያው የተኙትን ልጆች ጮኾ ይሰድባቸዋል፤ ደረጃው ላይ በተበተነ የለውዝ ልጣጭ ሊወድቅ ይደርሳል። እንባው ሲመጣ ስድቡ ይከተለዋል፤ ይህን ቅደም ተከተል ልብ በሉ።

ውሸቱ

ባቡር ላይ የአንድ ክፍል ጓደኛው እናት አጠገቡ ትቀመጣለች። ስሙን የማደሪያውን የጽዳት ሠራተኛ ስም አድርጎ ይነግራታል፤ ልጇን ያሞግስላታል። ከበዓሉ በፊት ለምን ወደ ቤት እንደሚሄድ ስትጠይቀው በጭንቅላቱ እጢ ወጥቶ ቀዶ ጥገና እንደሚጠብቀው ይናገራል። ለአንባቢው ስድ ውሸት ይመስላል። ልጁ ግን ከሁሉ ሕመሞች መርጦ የሚያስፈራውን እጢ ነው የተናገረው። አሊን የወሰደው በሽታ ቦታ ቀይሮ መጥቷል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንላለን፤ ሆልደን ደብቆ አይቀርም፣ ሌላ በሽታ ያሳያል።

ሆቴሉ ውስጥ ሞሪስ የተባለው የሊፍት ሠራተኛ ሴተኛ አዳሪ ሊልክለት 5 ዶላር ብሎ ያስማማውን 10 ነው ብሎ ይመጣበትና ይመታዋል። ሆልደን ወለሉ ላይ ወድቆ ሆዱን በጥይት የተመታ ሰው ይሆናል፤ ሲኒማ ላይ እንዳየው ደሙን በእጁ ይዞ ይራመዳል። ስቃዩን በራሱ ስም መያዝ ስላቃተው ከሲኒማ ይዋሳል። ሲኒማ እጠላለሁ የሚለው ልጅ እንዲህ ማድረጉ ትልቅ ምልክት ነው።

ዳክዬዎቹም እዚሁ ይገባሉ። ሁለት ባለታክሲዎችን የሴንትራል ፓርክ ሐይቅ በረዶ ሲሆን ዳክዬዎቹ የት እንደሚሄዱ ይጠይቃል፤ አንዱ ታሾፍብኛለህ ወይ ይለዋል፣ ሌላው ስለ ዓሣዎቹ ይቆጣዋል። ልጁ የሚጠይቀው ስለ ዳክዬ ብቻ አይደለም። ብርዱ ሲመጣ ጠፍቶ የሚሄደውን ማን ይጠብቀዋል እያለ ነው። ምዕራፍ 2 ላይ አዛውንቱ የታሪክ መምህር ስፔንሰር የወደቀበትን ፈተና ያነቡለታል፤ የጻፈው ስለ ግብፃውያን ሲሆን፣ ሙታን ፊታቸው እንዳይበሰብስ እንዴት ይጠቀለሉ እንደነበር ነው። ከወንድሙ ጋር አያይዞ ለሚያነብ ሰው የፈተናው ወረቀት የልጁ ጭንቀት ነው፤ መምህሩ ግን ውድቀቱን ብቻ ያያሉ።

የሚቀበለው ሰው

እውነቱን ለመናገር ሆልደን ሁልጊዜ አይደብቅም። ይህንን ነጥብ ብዙ ትንታኔ ይዘነጋዋል። ሦስት ጊዜ ራሱን ይሰጣል።

አብራው የምትወጣውን ሳሊ ሄይስን በረዶ ላይ ከተንሸራተቱ በኋላ ማሳቹሴትስና ቬርሞንት እንሂድ፣ ባንክ ያለኝ 180 ዶላር ይበቃናል፣ በጫካ እንኑር ይላታል። ሳሊ ለዚህ ጊዜ አለን ትለዋለች። በሌላ ትምህርት ቤት የሚያውቀውን ካርል ሉስን አንዲት መጠጥ ጠጣልኝ፣ ብቸኝነት ገድሎኛል ብሎ ይለምነዋል። ሉስ የአባቱን ሙያ አንስቶ የአእምሮ ሐኪም ሂድ ይልና ተነሥቶ ይሄዳል። ሦስተኛው አንቶሊኒ ነው፤ የቀድሞ መምህሩ። ጄምስ ካስል የተባለ ተማሪ በጓደኞቹ ተሰቃይቶ ከመስኮት ሲዘል የሆልደንን ሹራብ ለብሶ ነበር። ሬሳውን ያነሳው፣ ኮቱ ደም ስለመሆኑ ያልተጨነቀው አንቶሊኒ ብቻ ነው። በሆልደን ልብ ውስጥ ሞትን በእጁ የነካ አንድ አዋቂ እሱ ነው። በአንቶሊኒ ቤት አድሮ ሌሊት ሲነቃ መምህሩ የሆልደንን ጭንቅላት ሲዳብስ ያገኘዋል፤ ፈርቶ ይሸሻል። መምህሩ ምን አስቦ እንደነበር ሳሊንጀር አይናገርም፣ እኛም አንፈርድም። ውጤቱ ግን ግልጽ ነው፤ የመጨረሻው በር ተዘጋ።

በሦስቱም ጊዜ ከመዘጋቱ በኋላ የሚመጣውን ተመልከቱ። ሳሊን ይሰድባታል። ሉስ ከሄደ በኋላ ሰክሮ ጸጉሩ ላይ በረዶ እስኪሠራ ሐይቁ ዳር ይቀመጣል። ከአንቶሊኒ ቤት ወጥቶ ሲሄድ አምስተኛው ጎዳና ላይ መንገድ በተሻገረ ቁጥር የሚጠፋ ይመስለዋል፤ አሊ እንዳትጥለኝ እያለ ድምፅ አውጥቶ ይለምነዋል፤ ተሻግሮ ሲጨርስ ያመሰግነዋል። ንቀቱ፣ ስካሩ፣ ሽሽቱ የሚከተሉት በሩ ሲዘጋ ነው። ስለዚህ ልጁ ስሜቱን ለምን ይደብቃል ብሎ የሚጠይቅ ሰው፣ ከጎኑ ሲናገር ማን ሰማው ብሎ መጠየቅ አለበት።

ከሁሉ የተቀበለችው አንዲት ናት፤ የ10 ዓመት እህቱ ፊቢ። የገዛላትን የሙዚቃ ሸክላ ሰክሮ ጥሎት ተሰባብሯል፤ ስብርባሪውን በኮቱ ኪስ ይዞላት ይመጣል። ስጠኝ አስቀምጠዋለሁ ትለዋለች። ከዚያ ምዕራፍ 22 ላይ የምትወደው አንድ ነገር ንገረኝ ትለዋለች። ልቡ ወደ ጄምስ ካስል ይሄዳል፤ ከዚያ አሊን እወደዋለሁ ይላል። አሊ ሞቷል ትለዋለች። ማንም አዋቂ እንዲህ በግልጽ አልነገረውም። ሊሄድ ሲል የገና ገንዘቧን፣ 8 ዶላር ከ65 ሳንቲም ገደማ፣ አውጥታ ትሰጠዋለች፤ ያኔ ያለቅሳል። ድምፁ እንዳይሰማ ቢያፍንም ማቆም አይችልም፤ እህቱ ትደነግጣለች፣ አንገቱን ታቅፈዋለች።

አንባቢ የሚስታቸው ቦታዎች

መጽሐፉን ለክፍል ወይም ለንባብ ቡድን የሚያዘጋጅ ሰው በመጀመሪያ የአሊን ስም ያለበትን ቦታ ሁሉ በአንድ ቀለም ያስምር። ዋናዎቹ ምዕራፍ 5፣ 14፣ 20፣ 22 እና 25 ናቸው። ከእያንዳንዳቸው በፊት ያለችውን አንድ ገጽ ደግሞ በሌላ ቀለም ያስምር፤ አሊ ከመምጣቱ በፊት ሆልደን ወይ ተዋርዷል፣ ወይ ብቻውን ቀርቷል፣ ወይ መልስ አጥቶ ተጨንቋል። በሦስተኛ ቀለም አካሉ የሚናገርበትን ቦታ ያስምር፤ እጁ፣ ማቅለሽለሹ፣ ላቡ፣ ራሱን መሳቱ። አንደበቱ ደህና ነኝ ሲል አካሉ አይደለም ይላል። ሦስቱን ቀለሞች ጎን ለጎን ያየ ተማሪ ያለ አስተማሪ እርዳታ ይደርስበታል።

ሁለት ስሕተቶች ይደጋገማሉ። አንደኛው የሆልደንን ፍርድ የደራሲው ፍርድ አድርጎ መውሰድ ነው። ሆልደን አስመሳይ ያለው ሰው ሁሉ አስመሳይ አይደለም፤ ፍርዱ የሚከፋው ከቆሰለ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ለበሽታው ስም ለማውጣት መቸኮል ነው። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ባሳተመው የምርመራ መመሪያ የተራዘመ ሐዘን የሚባል ሕመም አለ፤ ለልጆች ከሞቱ 6 ወር ካለፈው ሊታይ ይችላል ይላል። የሆልደን ሐዘን ከ3 ዓመት በላይ ቆይቷል፤ መሸሽ፣ አለማመን፣ መደንዘዝ፣ ብቸኝነት ሁሉም አሉበት። ስሙ ግን ጓንቷ ለምን በአረንጓዴ ቀለም እንደተጻፈች፣ ልጁ ለምን ስለ ዳክዬ እንደጠየቀ አያስረዳም። ስሙን የያዘ አንባቢ ገጹን መገልበጥ ያቆማል።

ስለ ደራሲው አንድ ነገር እንጨምር። ሳሊንጀር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኖርማንዲ ላይ ከወረዱት አንዱ ነው፤ በ1945 ኑረምበርግ ሆስፒታል ገብቷል። ከልቦለዱ በፊት በዚያው ዓመት ባሳተመው አጭር ታሪክ ውስጥ ሆልደን በጦርነት ደብዛው የጠፋ ወታደር ነው፤ የሚያለቅስለት ታላቅ ወንድሙ ነበር። ልቦለዱ ላይ ቦታው ተቀየረ፤ የሚለቀስለት የነበረው አልቃሽ ሆነ።

ዝናቡ

ሆልደን የአሊን መቃብር ከወላጆቹ ጋር ጥቂት ጊዜ ጎብኝቷል። ሁለት ጊዜ ዝናብ ወረደ። ጎብኚው ሁሉ ወደ መኪናው ሮጠ፣ ሬዲዮ ከፈተ፣ ወደ ራት ሄደ፤ አሊ ግን እዚያው ቀረ። ሆልደንን ያሳበደው ይህ ነው።

መጨረሻ ላይ ፊቢን ሴንትራል ፓርክ ይወስዳታል፤ የሚሽከረከሩት የእንጨት ፈረሶች ላይ ትወጣለች። ዝናብ ይመጣል። ወላጆች ሁሉ ሮጠው ጣራ ሥር ይገባሉ። ሆልደን አግዳሚው ላይ ይቀመጣል። ፊቢ ያደረገችለት ቀዩ የአዳኝ ቆብ ትንሽ ከለላ ይሆነዋል፤ የተቀረው አካሉ ይበሰብሳል። አልተነሣም። ሊያለቅስ ደርሶ እንደነበር ይናገራል፤ ስድብ ግን አልተከተለውም፤ ደስ አለኝ ይላል። በመቃብሩ ዝናብ ሌሎች ሲሮጡ ያልተነሣው አሊ ነበር፤ አሁን ያልተነሣው ሆልደን ነው። ዘግይቶም ቢሆን ከወንድሙ ጋር ዝናቡ ላይ ቀረ።

የመጨረሻው ምዕራፍ አንድ ገጽ ያህል ነው። ከዚያ ቤት ከመጣ በኋላ የሆነውን ለመናገር እምቢ ይላል፤ እንደ መጀመሪያው ምዕራፍ ማለት ነው። ለማንም ምንም አትናገሩ ይላል። ምክንያቱ ግን ተቀይሯል። መጀመሪያ ይሰለቸኛል ያለው ልጅ አሁን ከተናገራችሁ ሰዎቹ ይናፍቋችኋል ይላል፤ ስትራድሌተር ናፈቀኝ፣ የማደሪያው ጎረቤቴ አክሊ ናፈቀኝ፣ ያ የመታኝ ሞሪስ እንኳ ናፈቀኝ ይላል።